እጅጌው ላይ የተተወ ቦታ

የከሚሴው ልብስ ሰፊ ሙስዐብ የፖሊሷን ስም አያውቅም። የደንብ ልብስ ሲታደል የሚደርሳት የወንድ ልክ ነውና በየጊዜው ለማስጠበብ እሱ ዘንድ ትመጣለች። ስትቀመጥ ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች፤ ቆቧን ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። ከሱሪዋ ኪስ ሁልጊዜ የማሽላ ፍሬ ይራገፋል። ከከተማው ወጣ ብሎ ጨፋ ሜዳ ላይ የሚጠብቃት ማሳ እንዳለ ከዚያ ገመተ እንጂ እሷስ ትንፍሽ አላለችም።

ለዓመታት ሥራዋ ገበያ በር ላይ ሴቶችን መፈተሽ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን የማዕረግ ምልክት እጅጌዋ ላይ ስታሰፋ፣ «ወንድምዓለም፣ ከፍ አድርገህ ስፋው፤ ከሥሩ ቦታ ይቅር» አለችው።

አብሯት የመጣው ባልደረባዋ ሳቀ። «ለበር ፈታሽ ይሄ ሁሉ ቦታ ምን ሊሠራላት ነው?»

«ጎተራ የሚሠራው ከአዝመራው በፊት ነው» አለች፣ የተረፈውን ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን ምልክት ይዛ ገባች።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ሙስዐብ? ሳጅን ሆኛለሁ፤ የፈረቃ ኃላፊም አድርገውኛል። አልሐምዱሊላህ!»

አሮጌውን መንቀል አላስፈለገውም። አዲሱ በተተወለት ቦታ ልክክ አለ።

ሸሚዙን ለብሳ ስትወጣ ያ ባልደረባዋ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ። «ሳጅን፣ የእኔ ምድብ የት ነው?»

ቆቧን አስተካከለች። «ገበያ በር። ወንዶቹንም የሚፈትሽ ያስፈልጋል።»

ሙስዐብ ከስፌት መኪናው ላይ ተነሥቶ «ማሻአላህ!» ሲል ጎረቤት ባለሱቁ ሁሉ ሰማው።