ምርቃና የሌለው የጓሮዬ ጫት

ሚስቴን ካገባሁ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ አማቼ፣ የሚስቴ አባት፣ አንድ ቀን እንኳ ቤቴን ረግጠው አያውቁም ነበር። «የደሴ ብርድ ለአጥንቴ አይስማማም» እያሉ ከቆላው ከሐርቡ ንቅንቅ የለም። ብርዱ ሰበብ ነው፤ እኔ አልተዋጥኩላቸውም። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

እሳቸው የሚሸነፉት ለጥሩ ጫት ብቻ ነው። ዱዓ ላይ ተቀምጠው አንዲት ቅጠል በጣታቸው አሽተው ከማን ማሳ እንደተቆረጠች የሚናገሩ ሰው ናቸው። እናም የቧንቧ ውሃ ካለው ቤታችን ጓሮ ስድስት ችግኝ ተከልኩ።

ከዚያ ወዲያ ያበድኩት እብደት! የበግ በጠጥ አፈሰስኩበት፣ የምድጃ አመድ ነሰነስኩበት፣ ጥላ ጣለበት ብዬ የጎረቤቴን ባሕር ዛፍ ለምኜ አስቆረጥኩ። ጎረቤቴ እስካሁን ሰላምታዬን በግማሽ አፉ ነው የሚመልሰው። ከሁሉም በላይ ግን ውሃ፤ ጠዋት ውሃ፣ ማታ ውሃ። ቅጠሉ ሰፍቶና አብረቅርቆ ሲታይ ሚስቴ «ጎመን ነው እንዴ የተከልከው?» ብላ ሳቀችብኝ።

በሦስተኛው ዓመት ደወልኩላቸው። «አባባ፣ የጓሮዬን ጫት ጀባ ልበልዎት።» መጡ! ከኮምቦልቻ ዳገቱን ያወጣቸው ሚኒባስ ሲቆም ልቀበላቸው ስሮጥ አንዱ እግሬ ጫማ አልነበረውም።

ዱዓ አደረጉ፤ ቀንበጥ ቀንበጡን መርጠው ቃሙ። ብዙ ቆዩ፤ ምርቃናው ግን አልመጣም። እኔ ፊታቸውን ፊታቸውን አያለሁ።

«አንት ልጅ፣ ውሃ ታጠጣዋለህ?»

«በደንብ ነዋ አባባ! ጠዋትና ማታ።»

«ወላሂ፣ ይሄ ጫት ሳይሆን ሰላጣ ነው!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት ሳቅ! «ጫት ካልተጠማ ምን ምርቃና አለው? አብሽር፣ ቅዳሜ መጥቼ እከረክምልሃለሁ።»

መጡ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጡ። እየከረከሙ ይሰድቡኛል፤ «ልጄ» እያሉ ነው የሚሰድቡኝ። እኔ ደስታ ሊያፈነዳኝ ደረሰ። ሲሄዱ «ውሃ እንዳታስነካው» ይሉኛል። «እሺ አባባ» እላለሁ። በነጋታው ጄሪካኔን አንጠልጥዬ ወደ ጓሮ! ጫቱ ከበረታ ምን ብለው ይመጣሉ?

አንድ ጠዋት ሚስቴ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። «አባቴ እንዳታጠጣ አላለህም?» አለች። እውነቱን ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ሌላ ጄሪካን ሞልታ መጣች።