በአማና የቆየች ላም

ጦርነቱ ወደ እኛ በተጠጋበት ሰሞን ጎረቤቴ ላሟን እየሳበች ከሚሴ ዳር ያለው ደጄ ላይ ቆመች። ሩቅ አገር ወዳለ ልጇ ልትሄድ ነበር። እኔ ጉልበቴ አይሄድልኝምና ቀረሁ።

«ወተቱን ጠጪው፣ ላሟ ግን አማና ናት፣ አደራ» አለችኝ።

ገመዱን ተቀበልኩ። አማና ከጎረቤት ጋር ብቻ የሚገቡት ቃል አይደለም፤ ጠያቂው አላህ ነው።

ያን ዓመት የጨፋ ሜዳ ማሽላችን ሳይሰበሰብ ማሳው ላይ ቀረ። ላሟ እርጉዝ ነበረችና ብዙም ሳትቆይ ነጠፈች። ለማገዶ ያስቀመጥኩትን አገዳ ለእሷ ሰጠሁ። እኔ በቀን አንዴ የበቆሎ ቂጣ እበላ ነበር።

መንገድ ሲከፈት ታናሽ ወንድሜ ለባቲ ገበያ ከብት የሚጭን ነጋዴ ይዞ መጣ።

«እታለም፣ ሰውየው እርጉዝ ላም ይፈልጋል። እህል እንገዛበታለን።»

«የማንን ላም?»

«ባለቤቷ ከሄደች ወዲህ ድምጿ አልተሰማ። ሞታ ይሆናል።»

«ከሞተች ወራሽ አላት።»

«እሺ፣ የሆዷስ? አርብተሻታል እኮ።»

በእኛ ዘንድ ላም ለርቢ የተሰጠው ሰው ከምትወልደው ድርሻ አለው። ወንድሜ ይህን ማንሳቱ ነው።

«ለርቢ አልተሰጠችኝም» አልኩት።

«አላህ ሪዝቅ፣ ሲሳይ ሲልክልሽ በር ትዘጊያለሽ?»

«አላህ ሪዝቄን በሰው ገመድ አስሮ አይልክም።»

ነጋዴው ላሟን ፈትቶ ገመዱን ይዟል። ሳቀ። «እናቴ፣ ከላሟ ጎድን ይልቅ ያንቱ ጎድን ይቆጠራል» አለ።

«ይቆጠር፤ ጎድኔ የራሴ ነው» ብዬ ገመዱን ከእጁ ወሰድኩ።

ወንድሜ በኦሮምኛ «ሉቡቱ ጫላ» አለኝ፣ ከሁሉ ነፍስ ይበልጣል ማለቱ ነው። ነፍስ ሊወጣ ሲደርስ የተከለከለውም እንደሚፈቀድ አውቃለሁ። የእኔ ነፍስ ግን ገና ቦታዋ ላይ ነበረች። ሁለቱም «ነገ እንመለሳለን» ብለው ተቆጥተው ሄዱ። ቀትር ላይ ዙህር ሰግጄ ዱዓ አደረግሁ። እህል አልለመንኩም፤ ነገ ሲመለሱ እጄ እንዳይላላ ለመንኩ።

ተመልሰው መጡ፤ አልሰጠሁም።

ላሟ ወለደች፣ ወተቱም መጣ። ጎረቤቴ የተመለሰችው ከዓመት በኋላ ነው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ላሟን ዞራ አየቻት።

«ቀንዷን ምን ነካው?»

ጫፉ ከቤቴ በር መቃን ጋር ተጋጭቶ ተሰብሮ ነበር። ነገርኳት። ወንድሜ አጥሩን ተደግፎ ያያል።

«ይኸው ምስጋናሽ» አለኝ።

«ለጎረቤቴ ብዬ ላሟን ጠብቄ ቢሆን ኖሮ ይከፋኝ ነበር» አልኩት። ትንሽ ከፍቶኛል፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም።

የላሟ ገመድ የጎረቤቴ ነበር፣ እጇ ላይ አስያዝኳት። ጥጃዋ የታሰረችበት ገመድ ግን የእኔ ነው። ጥጃዋን ፈትቼ ገመዱን ብቻ አስቀረሁ። ጥጃ እናቱን ያለ ገመድም ይከተላል።