አሰልጣኙ ዘንድ የሄዱት ሽማግሌዎች

በሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ ዴንቨር ውስጥ ለአንድ ኮሌጅ አሜሪካን ፉትቦል እጫወት ነበር። ሥራዬ ኳሷን በእግር መምታት ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተጠባባቂ ወንበር ሳሞቅ ከርሜ፣ ቅዳሜ ትገባለህ ተባልኩ። በዚያው ሳምንት ከዴንቨር አጠገብ አውሮራ ጎረቤታችን የነበሩት ሴትዮ አረፉ። እናቴ ሥራ ስትውል እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ልምምዱን ትቼ ለቅሶ ቤት ዋልኩ። አሰልጣኙ ዘመድህ ናቸው ወይ ሲለኝ ጎረቤት ናቸው አልኩት። ዕቃህን ሰብስብ አለኝ።

ለአባቴ መንገሬ ነው ጉዱን ያመጣው። ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል፤ በሽማግሌ የማይፈታ ጠብ አለ ብትሉት አያምናችሁም። በማግስቱ ሦስት አዛውንቶች አስከትሎ የአሰልጣኙ ቢሮ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አንደኛው የሟቿ ባል ናቸው። ጥቁር እንደለበሱ፣ ጺማቸው እንደጎፈረ፣ ከሐዘን ፍራሽ ተነሥተው! ኧረ በእመብርሃን ተመለሱ ብል ማን ይስማኝ።

አሰልጣኙ ተቀመጡ ሲላቸው፣ እሺ ሳንባል አንቀመጥም አሉ። ሰውየው ደነገጠ፤ ልከሰው የመጣሁ ሳይመስለው አልቀረም። ከቢሮው መስታወት ውጭ ጓደኞቼ ተኮልኩለው ያያሉ። አስተርጓሚው ደግሞ እኔው ነኝ። ልጅ ነውና ይቅር በሉት አሉ፤ ስለራሴ ራሴ እየለመንኩ ተረጎምኩ። አሰልጣኙ ወደ እኔ ዞረ።

«መሄዴ ስሕተት ነበር በል። ቅዳሜ ትጫወታለህ።»

ይህን ሚስታቸውን ትናንት ለቀበሩ ሰው በየትኛው አፌ ልንገራቸው? አባቴ ምን አለ እያለ ጎኔን ይጎስመኛል። አማራጭ አጣሁና ተረጎምኩት። የሟቿ ባል ቀና ብለው አዩኝ።

«በለው ልጄ» አሉኝ፤ «እሷ እንደሁ አትቀየምህም።»

እንዲያ ባይሉኝ ኖሮ የምለው ይመስለኛል። እልህ ያዘኝ።

«ነገም ቢሆን ለቅሶ እሄዳለሁ» አልኩት አሰልጣኙን በእንግሊዝኛ።

ትከሻውን ሰብቆ በሩን ከፈተልን። አባቴ መኪና ውስጥ፣ አንተ ደረቅ፣ ከማለት በቀር አልተናገረኝም። ከዚያ ወዲያ ማልያ አልለበስኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት ለቅሶ ቤት ወንበር እደረድር ነበር። ማንም ባያናግረኝ ደስ ይለኛል። የሟቿ ባል ከፍራሻቸው ላይ በእጃቸው ጠሩኝ። ጎንበስ ስልላቸው፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ጨዋታውን አሁን ጀምረዋል?» አሉኝ።

«ጀምረዋል» አልኳቸው።