ከፋለና ድሪቶ የምትባለው መኪናው

ከፋለ ወልደ ሩፋኤል ድሪቶን ሲሠራ ያየ የጋሸና ሰው ሁሉ፣ ልጁ አእምሮው ተነክቷል ብሎ ተስማምቶ ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን በየስብሰባው እጅ ከማውጣት በቀር ሰው ከልቡ የሚስማማበት ነገር ብርቅ ስለነበረ፣ ከፋለ ለአገሩ ውለታ ውሏል ማለት ይቻላል።

ነገሩ የተጀመረው ከጋሸና ወጣ ብሎ ባለው ጠመዝማዛ ላይ ተገልብጣ በቀረች አንዲት ላንድሮቨር ነው። በስልሳ ስድስቱ ድርቅ እህል ሊያድሉ የመጡ የእርዳታ ሰዎች ነበሩ ጥለዋት የሄዱት። ዝናብ ሲወርድባት፣ ዶሮ ሲያድርባት ዓመታት ቆየች። ከፋለ ደሴ ላይ የመካኒክነት ሙያ ተምሮ፣ ጋሸና ለሚያልፉ የጭነት መኪኖች ጎማ እየለጠፈ የሚኖር ወጣት ነበር። አንድ ቀን በሬ ተውሶ አስጎተታትና ከሻይ ቤቱ ጀርባ አቆማት። የተጨፈለቀ የኋላ ቤቷን በመጋዝ ቆርጦ ጣለና ጭነት የምትይዝ ፒካፕ ሊያደርጋት ተነሳ።

ጣሪያዋን ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ሠራ። የጭነት ሣጥኗን ከባሕር ዛፍ ሳንቃ አስጠረበ። ባሌስትራዋ የላስታን ድንጋይ እንዲችል ከአሮጌ አውቶቡስ ባሌስትራ ጋር ደርቦ አሰረው። አንዱ በሯ አረንጓዴ ነው፣ ሌላው ነጭ፤ ኮፈኗ ደግሞ ቀለም የሚባል ነገር ከረሳ ቆይቷል። አንዲት ጠላ ሻጭ ዞር ብላ አይታ ይቺማ ድሪቶ ናት አለች፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። ከፋለ መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ግን እሱ ራሱ ድሪቶዬ ማለት ጀመረ። ሞተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንጎራጉሮ የተነሳ ዕለት እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ማንም ሳያየው ደግሞ ኮፈኗን ሳማት።

እናቱ ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ የሚኖሩት ላሊበላ ነው። ሟቹ ባላቸው መሪጌታ ነበሩ፣ የባላቸው አባትም እንዲሁ። አንድ ልጃቸው መቋሚያ ይይዛል ሲሉ መፍቻ ይዞ ቀረባቸው። ይህን ቅሬታቸውን ለጎረቤት ተናግረው አያውቁም። ልጃቸው ሊጠይቃቸው በመጣ ቁጥር ግን እጁን ገልበጥ አድርገው ያዩና ይኸ ዘይት በምን ይለቃል ይሉታል። ከፋለም ነገሩ ይገባዋልና ሄዶ ይታጠባል።

ሰባ ዓመተ ምሕረት ላይ ጨው ጠፋ። የጭነት መኪናው ሁሉ ወደ ምሥራቁ ጦርነት ዘምቶ ስለነበረ ወደ ላስታ የሚወጣ አልተገኘም። ወጡ አፍ ላይ ውኃ ውኃ ይል ጀመር፤ ከብቱም አፈር ይልስ ገባ። ይኼኔ ከፋለ ወደ ላስታ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ወደ ጋሻዬ ሄደና ነዳጅ ብቻ ስጡኝ፣ አፋር በረሃ ወርጄ ጨው አመጣለሁ አለ። ጋሻዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ማኅበሩ የወፍጮ ሞተር ያጣበት ጊዜ ነበርና ዓይኑ በድሪቶ ሞተር ላይ ካረፈ ሰንብቷል። ሰው በተሰበሰበበት ቁርጡን ነገረው። እስከ ግንቦት ሚካኤል ጨው ይዛ ከተመለሰች መኪናዋም ጨው የማመላለሱ ሥራም የእሱ ነው፤ ካልተመለሰች ወይም ባዶዋን ከመጣች ግን ሞተሯ ተነቅሎ ወፍጮ ቤት ይገባል። ከፋለ እሺ አለ። እሺ ካለ በኋላ ነው መንገዱ በየት እንደሆነ መጠየቅ የጀመረው።

ሊሰናበት ላሊበላ ሲሄድ እናቱ አልከለከሉትም። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ በረሃ የሚባለውን የሚያውቁት ከአሸተን ማርያም ተራራ ላይ ሆነው፣ በሩቅ ጭጋግ ሆኖ ሲታይ ብቻ ነው። ልጃቸው እዚያ ጭጋግ ውስጥ ሊገባ ነው። ሁለቱን የውኃ ጄሪካኖች እኔ እሞላቸዋለሁ፣ አንተ ለመኪናህ አስብ አሉት። እናቱ ለድሪቶ አንድ ነገር ሲያደርጉላት የመጀመሪያቸው ነበር። ሊነሳ ሲል ደግሞ የነፍስ አባታቸው ቄስ ወልደ ሰንበት በትራቸውን ይዘው ከች አሉና ከፊት ወንበር ጉብ አሉ። ለበቅሏቸው ጨው ራሳቸው መርጠው መግዛት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ጨው የምትመርጥ በቅሎ ከፋለ ሰምቶ አያውቅም፤ ቢሆንም አባን ውረዱ ማለት አይቻልም።

ወልድያን አልፈው፣ ቆቦን አልፈው ቁልቁል ወረዱ። ከበረሃው ዳር ሁመድ የሚባል የአፋር ሰው መንገድ ሊመራቸው ተሳፈረ፤ አማርኛን ከገበያ የለቀመ፣ ጥቂት ተናጋሪ ሰው ነው፣ የያዘውም ጩቤውንና የውኃ እርኮቱን ብቻ። መሬቱ እንዲያ ሲዘረጋ ከፋለ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ላስታ ላይ ሰው ቀና ሲል ተራራ ዓይኑን ይመልስለታል፤ እዚህ መላሽ የለም። ድሪቶ ባዶዋን ስለነበረች በረረች። ከፋለ በደስታ ብዛት ብቻውን ይስቃል፤ ቄስ ወልደ ሰንበት ደግሞ አንዱን ጄሪካን በሁለት እግራቸው መሐል አጥብቀው ይዘው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ውኃ ቢጠማቸውም ከሌላው ነው የሚያስቀዱት። ይኸኛው ለመልስ ነው ይላሉ። አርቆ ማሰብ መስሎት ከፋለ አመሰገናቸው።

ግመለኞቹ ጨው ከሚያወርዱበት ሰፈር ደርሰው ድሪቶን አሞሌ እስከ አፏ ሞሏት። ያለቀውንም ጄሪካን ከጉድጓድ ቀድተው ሞሉት። ነገር የተበላሸው በመልሱ ነው።

ላስታ ውስጥ ጎማው ለዘብ ያለ መኪና ድንጋይ ይበላዋል። ስለዚህ የደጋ ሹፌር ጎማውን እንደ ከበሮ እስኪነፋ ይሞላል፤ ከፋለም ይህንኑ ነበር ያደረገው። ጨው የተጫነች ድሪቶ በዚያ ደረቅ ጎማ አሸዋው ላይ ስትወጣ እስከ ሆዷ ሰመጠች። ከፋለ ነዳጅ ሲረግጥ ትቆፍራለች፤ ሲቆጣ ይበልጥ ትቆፍራለች። ሞተሩ ፈላ። ከፋለ ትንሽ አብርዶ ከጉድጓድ የተቀዳውን ጄሪካን እንዳለ ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው። አልሞላ ሲለው ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ ከሥሩ ተቀዶ ውኃውን አሸዋው ጠጥቶታል።

ማድረግ የሚችለውን አደረገ። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቀድዶ ጠቀለለና በሽቦ አጥብቆ አሰረው። ከዚያ ላቡን ጠርጎ ወደ ሁለተኛው ጄሪካን እጁን ዘረጋ። ቄስ ወልደ ሰንበት ተቀመጡበት።

«ይኼ ውኃ አይደለም» አሉ፤ ከፋለን ሳይሆን መሬት መሬት እያዩ።

ወሬው ቀስ በቀስ ወጣ። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ልጃቸው በረሃ እንደሚወርድ ከሰሙ ጀምሮ ወደ ጻድቁ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን እየተመላለሱ፣ ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለውን ጠበል በቅል እያጠራቀሙ ጄሪካኑን ሙሉ ሞልተውታል። ልጄን ጠበሉ ይጠብቅልኝ ብለው ነው። ለከፋለ ቢነግሩት ቦታ ይይዝብኛል ብሎ እንዳይተወው ፈርተው፣ ቄሱን ከነጠበሉ አሳፈሯቸው። የበቅሎዋ ጨው የተፈጠረውም ያኔ ነው።

ከፋለ ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጣበት። በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ጦም የለም፤ ጠዋት ሦስቱም በልተዋል። የበላ ሰው ጠበል አይጠጣም። ሞተር ውስጥማ እንዴት ተደርጎ። ውኃ በሌለበት አገር ሙሉ ጄሪካን ታቅፈው ሊጠሙ ነው። ፀሐይዋም ምሕረት የላትም፤ ሚካኤልም ደርሷል። ከፋለ በልቡ ጋሻዬ ሞተሩን ሲያስነቅል፣ እናቱም በልጅ ሐዘን ሲቀመጡ ታየው። እናቴ ምን አደረግሽኝ አለ፤ ክፉኛም ተቆጣቸው።

ሁመድ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ከፋለ የተጸለየበት ውኃ ነው አለው። ሁመድ ጥቂት አሰበና ዘምዘም ነዋ አለ። እንግዲያማ አይነካም። ይህን ብሎ ተነሳ፤ እርኮቱን ከትከሻው አወረደና የሚጠጣትን ውኃ አንድ ጉንጭ እንኳ ሳያስቀር ራዲያተሩ ውስጥ አንቆረቆራት። የራዲያተሩን ሥር ብቻ ነበር ያራሰችው። ሁመድ ባዶውን እርኮት አጣጥፎ ተመልሶ ተቀመጠ።

ቄስ ወልደ ሰንበት ይህን አዩ። ዳዊታቸውን አጥፈው ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ከጄሪካኑ ላይ ተነሡና ክዳኑን ፈተው አማተቡ።

«ይኸ ሰው የሚጠጣውን ለብረት ሰጠ። እኔ ጠበል ታቅፌ ሳየው ብውል፣ ነአኩቶ ለአብ ምን ይሉኛል?» አሉ። «በሉ፣ አስቀድሞ እሱ ይጠጣ።»

ሁመድ ቢስሚላሂ ብሎ ጠጣ። ከፋለ ጠጣ። ቄሱም ስለ በላሁት ይቅር በለኝ ብለው ጠጡ። የቀረውን ከፋለ ወደ ራዲያተሩ ሲያንቆረቁር እሳቸው ጎን ቆመው አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ተጠቅልሎ የታሰረው ቱቦ ውኃውን ያዘ። ሁመድም ጎማዎቹን በጩቤው እጀታ ኳ ኳ አድርጎ፣ የግመል እግር ሲረግጥ ሰፋ ይላል፣ የአንተ ግን እንደ ፍየል ኮቴ ነው አለ። ከፋለ ነገሩ ሲገባው የገዛ ራሱን ግንባር መታ፤ የአራቱንም ጎማ ነፋስ እስኪለሰልሱ አስተነፈሰ። ድሪቶ አቃሰተች፣ ተወላከፈች፣ ከዚያ ከጉድጓዷ ወጣች። ሦስቱም ተሳፍረው እየጮኹ ቢወጡ ያምርባቸው ነበር፤ ግን ከፋለ እንዳትቆም ፈርቶ ስላላቆመላቸው፣ ቄሱና ሁመድ በሩጫ ነው የደረሱባት።

የግንቦት ሚካኤል ዕለት ቅዳሜ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የወጣውና ገበያ የዋለው ሕዝብ ድሪቶ አቧራ ለብሳ ላሊበላ ስትገባ በእልልታ ተቀበላት። ሊቀመንበር ጋሻዬ ሕዝቡን ጥሶ መጣ። ከአንዱ አሞሌ ጠርዝ ቆርሶ አፉ ውስጥ ከተተ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ይቺ መኪና ወፍጮ አትሆንም አለ። ከፋለ ያን ቃል ሲሰማ መሪውን እንደያዘ ራሱን ደፍቶ ተነፈሰ።

እናቱ ቤት ሲገቡ ግን ቄስ ወልደ ሰንበት ደስታውን ይዘው ዝም ማለት አልሆነላቸውም። ከነፍስ ልጃቸው መደበቅ ስላልቻሉ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሯቸው። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ጠበሉ ሞተር ውስጥ ገባ ሲባሉ አልደነገጡም፤ ሁመድ ጠጣው ሲባሉም ደግ አደረጋችሁ አሉ። የደነገጡት ሌላ ነው። የልጃቸውን የመጠጥ ውኃ የወሰዱበት እሳቸው መሆናቸው ያኔ ገባቸው። በቆሙበት ቁጭ አሉ።

«እኔው ነኛ ልገድልህ የነበርኩት» አሉ። «በገዛ እጄ።»

ከፋለ በረሃ ላይ ሊላቸው ያሰበው ሁሉ ነበረው። አንዱም ትዝ አላለው። አጠገባቸው በርከክ ብሎ በዘይት የጠቆረ እጁን ጉልበታቸው ላይ አኖረ።

«እማዬ፣ ተራ ውኃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ጄሪካን አንድ ላይ በተቀደደው ቱቦ እናፈሰው ነበር። እኔ እንደሆንኩ ችኩል ነኝ፣ ታውቂኛለሽ። ጠበል ስለሆነ ነው አባ የያዙት፤ አባ ስለያዙት ነው የተረፈው።»

ቄስ ወልደ ሰንበት ነገሩን በዚህ በኩል አስበውት አያውቁም ነበርና ቀና ብለው ተቀመጡ። ወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እውነት ይሁን፣ እሳቸውን ለማጽናናት ይሁን ከፊቱ ለመለየት የፈለጉ ይመስላሉ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ያለውን እጁን አንስተው፣ ስለ ዘይቱ ምንም ሳይሉ ሳሙት።

«መቼ ነው ደግሞ የምትወርደው?» አሉት።

ክረምቱ ሲወጣ እንደሆነ ነገራቸው።

«እንግዲያው ሦስተኛ ጄሪካን ፈልግ። ሁለቱን ከምንጭ እሞላቸዋለሁ። ሦስተኛውን እንደለመድኩት ከነአኩቶ ለአብ አመጣለሁ፤ እሱን እንዳትነኩት።»

ከፋለ በማግሥቱ ጋሸና ገብቶ ሥራው ሁሉ ጄሪካን ፍለጋ ሆነ።