በእርሳስ የምታርም መምህርት

ደላንዳ ከዚያ ሚያዝያ ወዲህ ደብተር የምታርመው በእርሳስ ብቻ ነው። በቱኒዝያዋ የወደብ ከተማ በዛርዚስ ለሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች ጣልያንኛ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ዓመት ሆኗታል። ስለ ጣልያኖች ሥዕልና ሙዚቃ ስታወራ የሚያንቀላፉት ወንዶች ልጆች፣ አንድ ነገር ለመጠየቅ ግን ሁልጊዜ ይነቃሉ።

«እትዬ፣ ‹አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው› እንዴት ነው የሚባለው?»

«አንተ ደግሞ፣ መጀመሪያ ጢምህን ተላጭተህ ና!» ትላለች፤ ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። ለምን እንደሚጠይቁ አታጣውም፤ ባሕሩን ተሻግሮ ጣልያን የገባውን አሥራ ስምንት ዓመት ካልሞላው ወደ አገሩ አይመልሱትም። ቢሆንም ታስተምራቸዋለች።

በመጋቢት ናውፈል የሚባል ተማሪዋ ከክፍል ቀረ። በሚያዝያ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ሻዝሊ በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ይዞ ቤቷ መጣ።

«ልጄ ደላንዳ፣ መረቤ ሬሳ አወጣ። ፊቱ አይለይም። ይሄ ደረቱ ላይ ታስሮ ነበር፤ ጽሕፈቱን ታውቂው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ገለጠችው። ያችው «አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው» የምትለው ዓረፍተ ነገር በጣልያንኛ ገጹን ሙሉ ተደጋግማ ተጽፋለች። ከሥሯ የገዛ እጇ ጽሕፈት፣ ቀዩ ቀለም ውሃ እንኳ ሳይነካው፦

«ጎበዝ! አሁን ያምኑሃል።»