የሙላቴ ስለትና የይሻው ገብስ

ሙላቴ ከጉና ተራራ ሥር የሚኖር ገብስ አራሽ ነው። ሥራ አይፈራም፤ ሰው ፊት መናገር ግን ያስፈራዋል። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ለማለት እንኳ ጉሮሮውን ደጋግሞ ይጠርጋል። ምስጋና ብቻ ነው የማይከብደው። በሬው ከሕመሙ ሲያገግም፣ ዝናቡ በወቅቱ ሲጥል፣ ላሟ በሰላም ስትወልድ «ተመስገን» ይላል። ሚስቱ ውዴ «አንተ እኮ እንቅፋት ሲመታህም ታመሰግናለህ» እያለች ትስቅበታለች።

ዘንድሮ ማመስገን የጠፋበት እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ገብሱ ለአጨዳ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከጉና አናት ጥቁር ደመና ተንከባሎ ወረደ። ሙላቴ ማሳው ዳር ቆሞ ነበር። የበረዶው ድምፅ ከሩቅ ሲያጓራ ሰማ።

«ቅዱስ ሚካኤል! ወዲያ መልስልኝ! ለኅዳር በዓልህ ጃንጥላ አገባልሃለሁ!» ብሎ ጮኸ።

አፉ ብቻ ቢናገር ደግ ነበር። እጁም ዝም አላለም፤ «ወዲያ» ያለውን አቅጣጫ በያዘው ዱላ አመለከተ።

በረዶው የሙላቴን ማሳ ጫፍ ነካ አድርጎ ወሰኑን ተሻገረና ዱላው ወዳመለከተበት ወረደ። ያ ማሳ የይሻው ነው። ይሻው ደግሞ አበልጁ ነው፤ የሙላቴን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሳ። ደመናው አልፎ ፀሐይ ስትወጣ የይሻው ገብስ ከጭቃ ጋር ተለውሶ መሬት ላይ ተነጥፎ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሙላቴ ግራ ገባው። ተኝቶም ነቅቶም የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ሆነ። ጸሎቴ አልተሰማም ቢል፣ ስለቱን የሚያገባው ስለ ምን ነው? ተሰምቷል ቢል ደግሞ፣ የአበልጁን ገብስ ያስመታው እሱ ነው። ስለት የሚያገባ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ የተደረገለትን ይናገራል። በይሻው ፊት ምን ብሎ ይናገር? ስለቱን ቢያስቀር ደግሞ መልአኩን መዋሸት ነው።

ጨንቆት ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ አዳነ ሄደ። የዱላውን ነገር ሳይቀር ተናዘዘ። ቄሱ እስኪጨርስ ሰምተው ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ደመና የምታዝ ከሆንክማ የእኔንም ማሳ አደራ» አሉት።

«አባ፣ አይቀልዱብኝ።»

«ምን ልበልህ ታዲያ ልጄ? ዝናብና በረዶ በፈጣሪ እጅ ነው። አንተ አመስግን።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ... ስለ ሁሉም» አሉ።

ሙላቴ ከበፊቱ ይበልጥ ተደናግሮ ተመለሰ። ቢሆንም ደብረ ታቦር ገበያ ወጥቶ ዘርፉ የሚያብረቀርቅ ቀይ ጃንጥላ ገዛ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማለዳ ውዴን አስቀድሞ ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲያዘግም፣ ከኋላው የይሻው ድምፅ ደረሰበት።

«ምነው አበልጅ! የሰረቅኸው ይመስል ጃንጥላውን ጋቢ ውስጥ ወሸቅኸው?»

ሙላቴ ቆመ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም። «ይሻው፣ በዱላ አመልክቼ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«በረዶውን። ወዲያ መልስልኝ ብዬ ወደ አንተ ማሳ አመለከትሁ።»

ይሻው በሣቅ ፈረሰ። «በዱላ? ሚካኤል የአንተን ዱላ እያየ ነው የሚሠራ?» ሣቁ ግን ብዙም አልቆየ። መሬት መሬት እያየ ጥቂት ተራመደና «እኔም ብያለሁ» አለ።

«ምን አልህ?»

«ወደ ሙላቴ ይሁን አልሁ። ስምህን ጠርቼ።»

ሙላቴ መናደድ እንዳለበት አሰበ፤ ንዴቱ ግን አልመጣ አለው። ማፈርም ሞከረ፤ እሱም በቅጡ አልሆነም። ሁለቱም ጎን ለጎን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄዱ።

ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪ ጃንጥላውን ዘርግተው «ሙላቴ፣ ስለትህ የሰመረው በምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሙላቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገብሴን... ከበረዶ አተረፈልኝ» አለ፤ ድምፁ እንደ ክር ቀጠነ።

እልልታ የለም። የሰው ዐይን ሁሉ ወደ ይሻው ዞረ።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለ ይሻው። «እልል በሉለት እንጂ!»

ሴቶቹ ግቢውን በእልልታ ሞሉት። እልልታው ጋብ ሲል ሙላቴ ወደ ቦታው አልተመለሰም። «ገብሱ የእኔ ብቻ አይደለም» አለ፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ለራሱም አልገባውም። «ከአበልጄ ጋር አብረን እናጭደዋለን፤ የወጣውን እኩል እንካፈላለን።»

ከሴቶቹ መካከል ውዴ «ሳታማክረኝ!» አለች። ነገር ግን እሷም እልል አለች።

በማግስቱ ይሻው ማጭዱን ይዞ መጣ። ጎን ለጎን ሆነው እያጨዱ ቆይተው ወገባቸውን ለማቃናት ቆሙ።

«የዘንድሮስ አለፈ» አለ ይሻው። «ለከርሞ ደመናው ሲመጣ ምን ብለን ነው የምንጸልይ?»

ሙላቴ ጉናን ቀና ብሎ አየና ብዙ አሰበ።

«እኔ እንጃ» አለ፤ ጎንበስ ብሎም ማጨዱን ቀጠለ።