አምስት ንጹሕ ማሊያዎች

ሥራዬ ልብስ ማጠብና መጠገን ነው። ሲያትል በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ውስጥ፣ የፉትቦል ቡድኑ ልብሶች በሚታጠቡበት ክፍል ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ፉትቦል ስል እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ይኼኛው ሁለት ጫፉ የሾለ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ የራስ ቁር ደፍተው እርስ በርስ የሚላተሙበት የአሜሪካኖቹ ጨዋታ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር። ዲቪ ደርሶኝ ከልጄ ጋር ስመጣ መጀመሪያ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፍኩ፤ ኋላ በቤተ ክርስቲያናችን የምትዘምር አንዲት እህት «መርፌ የሚችል ሰው ይፈልጋሉ» ብላ ጠቆመችኝና ኮሌጁ ገባሁ።

አለቃዬ ዕድሜያቸውን እዚያው ክፍል ውስጥ የጨረሱ፣ ጥቂት የሚናገሩ አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ያስተማሩኝ ነገር አንድ ነው፤ ማሊያ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል። ከሰው ሠራሹ ሣር የሚጣበቀው ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ ይራገፋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው የባላጋራ ቁር ቀለም ነው። ሁለት ሰው ሲላተም የአንዱ ቁር ቀለም በሌላው ማሊያ ላይ ተፍቆ ይቀራል፤ እሱን እያሹ ማስለቀቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ይህ ቀለም የሚበዛባቸው አምስት ሰዎች ናቸው። ኳሱን የሚወረውረው ልጅ ከኋላ ይቆማል፤ አምስቱ ግዙፎች ከፊቱ ተደርድረው የሚመጣበትን ሁሉ በደረታቸው ይመልሳሉ። ኳስ አይነኩም፣ ስማቸውንም የሚጠራ የለም። ማሊያቸው ግን ሁልጊዜ ከሁሉም የቆሸሸ ነው።

የምነግራችሁ ዓመት ቡድኑ በተከታታይ የተሸነፈበት ዓመት ነው። ሽንፈት ከዚያ በፊትም አይቻለሁ። ሲሸነፉ ይናደዳሉ፣ አንዳንዱም ያለቅሳል፣ ሰኞ ተመልሰው ይሳሳቃሉ። በዚያ ዓመት ግን ሰኞም የሚስቅ አልነበረም። ፎጣቸውን መሬት ላይ ጥለው ይሄዳሉ። ከልምምድ በኋላ ጓደኛውን የሚጠብቅ ጠፋ፤ ሁሉም የጆሮ ማዳመጫውን ሰክቶ ብቻውን ይወጣል። አሰልጣኙ ግድግዳው ላይ ሕግ ለጥፎ ነበር። ያረፈደ አይሰለፍም ይላል፤ እሱ የሚወዳቸው ሲያረፍዱ ግን እንዳላየ ያልፋቸዋል። ልጆቹ ደግሞ ይህን አይተዋል።

ወርዋሪው በዚያ ዓመት የመጣ አዲስ ልጅ ነበር። ዝናብ ከማይበዛበት ክፍለ ሀገር፣ ከሌላ ኮሌጅ ትራንስፈር አድርጎ ነው የመጣው። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። አሰልጣኙ እሱን ሲያሰልፍ፣ ሦስት ዓመት ከአምስቱ ግዙፎች ጋር የተጫወተው የድሮው ወርዋሪ ተቀመጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ቡድኑን ለቆ ሄደ። አምስቱ የድሮውን ይወዱት ነበር። አዲሱን ሰላም ሲሉት አላየሁም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ልጄ ስልኳን አቀበለችኝ። «ማሚ፣ ይሄ ያንቺ ቡድን አይደለም?» አለችኝ። ወርዋሪው መኪና ውስጥ ሆኖ ራሱን ቀርጾ ለቅቋል። እንግሊዝኛው ስለፈጠነብኝ ልጄ ተረጎመችልኝ። «ከፊቴ የሚቆም ሰው ቢኖረኝ እናሸንፍ ነበር ነው የሚለው» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በሜዳችን ተጫወቱ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም። ፎጣ ላቀብል ወጥቼ ትንሽ ቆሜ አየሁ። ወርዋሪው ኳሱን ገና ሳይዝ ይወድቃል። ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። አንድ ጊዜ ጎኑን ይዞ ቶሎ መነሳት አቅቶት ነበር። እጁን ዘርግቶ የሚያነሳው ሰው ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ብቻውን ተነሳ።

ሳይመሽ ማሊያዎቹ መጡ፤ እንደ ልማዴ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። በዚያ ቀን የለበሱት ነጩን ነበር፤ የእንግዶቹ ቁር ደግሞ ቀይ ነው። የመጀመሪያውን ግዙፍ ልጅ ማሊያ ገለበጥኩት። ዝናብ ብቻ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። አምስቱንም አየሁ። ከአንድ ሁለት ጭረት በስተቀር ቀይ የሚባል ነገር የለባቸውም። የወርዋሪው ማሊያ ግን ደረቱ፣ ጎኑ፣ ጀርባው ሁሉ በቀይ ቀለም ተለቅልቋል፤ ክንዱ ላይ ደም አለ።

አለቃዬን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ለአሰልጣኙ እንንገረው?» አልኳቸው።

«ብንነግረው ይጮህባቸዋል» አሉ። «ከጮኸ በኋላ ደግሞ ይብስባቸዋል።»

«እንግዲያው የወርዋሪውንና ከአምስቱ የትልቁን ማሊያ እስከ ሰኞ ሳላጥብ ላቆይ?»

ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። «ቀለሙ ከደረቀ አይለቅም፤ የምታሺው አንቺ ነሽ» ብለው ሄዱ።

ከአምስቱ መካከል ትልቁን በደንብ አውቀዋለሁ። ቤተሰቦቹ ከፓሲፊክ ደሴቶች የመጡ ናቸው፤ እሱ ያደገው እዚሁ እኛ ሰፈር፣ ሬኒየር ቢች ነው። ባቡር ውስጥ ስንገናኝ ከመቀመጫው ተነስቶ ቦርሳዬን ይቀበለኛል። እነሱም ዘንድ ታላቅ ሴት በስሟ አትጠራምና «አንቲ»፣ ማለትም አክስቴ፣ ይለኛል። እንግሊዝኛ አንቺና አንቱ አይለይም፤ የእሱ አነጋገር ግን አንቱታ ስላለበት እንደዚያው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ሰኞ የጉልበቱን ማሰሪያ ሰፍቼለት ሊወስድ መጣ። ማሰሪያውን ከመስጠቴ በፊት የእሱንና የወርዋሪውን ማሊያ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። አየ፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ከዚያ ዓይኑን ከጠረጴዛው አነሳ።

«ለማን ተናገሩ?»

«ለማንም።»

በርሜል የሚያህል ሰው ነው፤ ተረት እንደሚጠብቅ ልጅ የልብስ ቅርጫቱ ላይ ቁጭ አለ። «ቪዲዮውን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ። መጥፎ ነው።»

«ለጓደኞቼ ባላጋራዎቹን ትንሽ እንልቀቅበት አልኳቸው። እኔ ነኝ ያልኩት። አንድ ሁለቴ ብቻ ነበር ያሰብኩት፤ ከዚያ ግን ማቆም አቃተን።»

ልቆጣው አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም። በምትኩ ለልጄ እንኳን ያልነገርኳትን ነገር ነገርኩት። አዲስ አበባ በምሠራበት ስፌት ቤት ባለቤቱ አንዲት ጓደኛችንን አባሮ በቦታዋ ሌላ ሴት ቀጠረ። ጥፋቱ የእሱ ነበር፤ እኛ ግን የተበቀልነው እሷን ነው። ልኬት ስትጠይቀን አሳስተን እንነግራታለን። መቀሷን እንደብቃለን። ምሳ ስንበላ ጀርባችንን እንሰጣታለን። ሥራዋ ሁሉ እየተበላሸ ሁለት ወር ቆየችና አንድ ቀን ጠዋት ዕቃዋን ሰብስባ ሄደች። በር ላይ ዞር ብላ «ደኅና ዋሉ» አለችን። የመለሰላት የለም፤ እኔም አልመለስኩም።

«በኋላ አገኟት?» አለኝ።

«ፈልጌያት ነበር። ሰፈሯ ፈርሶ ሰዉ ተበትኗል። ይቅርታ ልላት አልቻልኩም።»

ማሰሪያውን ተቀበለኝና «እሺ አንቲ» ብሎ ወጣ። እሺ ያለው ምኑን እንደሆነ አልገባኝም።

በማግስቱ ወርዋሪው መጣ። የጎድን አጥንቱ ስላበጠ ከውስጥ በሚለብሰው ካናቴራ ላይ መከላከያ ስፖንጅ እንድሰፋለት ሐኪሙ ልኮት ነው። ስለካው ትንፋሹን ይይዝ ነበር። ስጨርስም አልሄደም። ማድረቂያ ማሽኖቹ መካከል ሞቅ ይላል፤ እዚያ ጀርባውን አስደግፎ ቆመ።

«እዚህ ትንሽ ብቆይ ትቸገሪያለሽ?»

«ቆይ።»

«ከዚህ ክፍል ሌላ የሚሞቅ ቦታ የለም።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እናቴ በየቀኑ ኮል ታደርጋለች። ከጓደኞችህ ጋር በላህ ወይ ትለኛለች። አዎ እላታለሁ» አለኝ።

«ያንን ቪዲዮ ለምን ለቀቅከው?»

አፈረ። «ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ ስወድቅ ማንም አላነሳኝም። ተናድጄ ነበር። አጥፍቼዋለሁ፤ ግን ሁሉም አይቶታል።»

እሱ ከሄደ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ሽማግሌ ሆኜ ባስታርቃቸው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ፣ እንግሊዝኛዬም ለዚያ አይበቃም። ስለዚህ ዋሸሁ። ለወርዋሪው ስፖንጁ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል አልኩት፤ የደረሰው ግን ማክሰኞውኑ ነው። ለትልቁ ደግሞ ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ ማሊያው መለካት አለበት ብዬ መልእክት ላክሁ። የሚለካ ነገር አልነበረም።

ትልቁ ብቻውን ይመጣል ብዬ ነበር። አራቱን ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ወርዋሪው ማድረቂያው ጋ ቆሞ ነበር፤ ሲያያቸው ጀርባው ከማሽኑ ጋር ተጣበቀ። ክፍሉ ጠባብ ነው። እኔ መርፌዬን ይዤ ጥግ ላይ ቀረሁ፤ ብፈልግም የምወጣበት ቀዳዳ አልነበረም። አለቃዬ በሩን ከፈቱ፣ አዩን፣ መልሰው ዘጉት።

መጀመሪያ የተናገረው ትልቁ ነው።

«ቅዳሜ ለቅቀንብሃል። ስህተት አልነበረም። እኔ ነኝ ያልኳቸው።»

«አውቃለሁ» አለ ወርዋሪው። «ሦስተኛ ጊዜ ስወድቅ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን ነው የምናገረው?»

አንደኛው ጫማውን ያያል። ሌላው ጣሪያውን። ማድረቂያው ጨርሶ ጮኸ፤ ሁላችንም ደነገጥን። ወርዋሪው ሳቀ፣ ግን ሳቁ ጎኑን ወጋውና እጥፍ አለ። ትልቁ በአንድ እርምጃ ደርሶ ደገፈው። እንደዚያ እንደያዘው፣ «የጎድን አጥንትህ ነው?» አለው።

«ተሰንጥቋል መሰለኝ። ሐኪሙ አልተሰበረም ብሏል።»

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለ ትልቁ። ወርዋሪውም በበኩሉ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቀስ ብሎ ስላለው ልደግመው አልችልም። አራቱ አንድ በአንድ እጁን ጨበጡት። አንደኛው የድሮውን ወርዋሪ በስሙ ጠርቶ፣ «እሱን እንወደው ነበር። ያንተ ጥፋት አይደለም» አለው። እኔ ሥራ የያዝኩ ለመምሰል ያልተቀደደ ነገር እየሰፋሁ ጣቴን ወጋሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜም ተሸነፉ። እንዳሸነፉ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ተሸነፉ። ቢሆንም አለቃዬ ዘንቢሉን ጠረጴዛው ላይ ሲገለብጡት የአምስቱ ማሊያ ከአንገት እስከ ወገብ ሰማያዊ ነበር፤ የዚያ ቀን ባላጋራዎች ቁር ሰማያዊ ነው። ሽማግሌው አንዱን አንስተው ወደ መብራቱ አስጠጉትና፣ «የሦስት ቀን ሥራ ሰጡን» አሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

የቀረው ዓመት ሁሉ ሰላም ሆነ አልልም። ተከላካዮቹ ከአጥቂዎቹ ጋር እንደተኳረፉ ጨረሱ። ሁለት ልጆች ከሥልጠና መልስ ተደባደቡ። አሰልጣኙ በመጨረሻ ከሥራው ተነሳ፤ አዲሱ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቶ የራሱን ሕግ ለጠፈ። ወርዋሪውም አልቆየም። ክረምት ሳይወጣ እናቱ ወዳለችበት አቅራቢያ ትራንስፈር አደረገ። ሊሰናበተኝ ሲመጣ ትልቁ ሻንጣውን ይዞለት አብሮት ነበር። «ለእናቴ ስላንቺ ነግሬያታለሁ» አለኝ ወርዋሪው፣ አቅፎኝ። «ከማን ጋር ነው የምትበላው ስትለኝ ከአምስቱ ጋር አልኳት። እውነቴን ነበር።» እነሱ ከሄዱ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን በስፌት ቤቱ የገፋናትን ሴት ሳልሸማቀቅ አሰብኳት። ያለችበት ቦታ ደኅና ትሁን ብዬ ጸለይኩላት።

ትልቁ በፀደይ ተመረቀ። ምረቃው ላይ ልጄን ይዤ ሄድኩ። እናቱ እንደ እሱ ግዙፍ፣ እንደ እሱ ለስላሳ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሲያስተዋውቀን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አልለቀቁኝም። ምን ያህል እንደነገራቸው አላውቅም። በአገራቸው ልማድ ለተመራቂ ከአበባ የተሠራ ሐብል አንገቱ ላይ ያደርጉለታል፤ ልጁ አገጩ እስኪሸፈን ድረስ ተደራርቦበታል። እናቱ አንዱን ከእሱ አንገት አውጥተው ለእኔ አጠለቁልኝ።

በባቡር ወደ ቤት ስንመለስ አላወለቅኩትም። ኮሎምቢያ ሲቲ ላይ የገቡ አንድ አዛውንት ሐበሻ አዩኝና ፈገግ ብለው፣ «እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ፣ ተመረቅሽ?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ የማውቀው ልጅ ነው» አልኳቸው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ እንግዲያው» አሉና አጠገቤ ተቀመጡ። ልጄ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች፤ አበባው በመካከላችን ይሸታል።